መናገርና ማሰማት

ሰው ከሚጠለልባቸው ቃላት አንዱ «እኔ ተናግሬ ነበር» የሚለው ነው። ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር አባት «ተናግሬ ነበር» ይላል፤ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ሽማግሌው «ተናግሬ ነበር» ይላል። ይህን ቃል የሚናገር ሰው ራሱን ከጥፋቱ አውጥቶ በደረቅ መሬት ላይ የቆመ ይመስለዋል። እኔም በዚህ ቃል ተጠልዬ ብዙ ዘመን ኖርሁ። ይልቁንም ደመወዝ የምበላው ስለ አደጋ ለሰው በመናገር ስለ ነበር፣ መናገሬን እቈጥር ነበር እንጂ መሰማቴን አልመረምርም ነበር።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ አንተም በፋብሪካ ወይም በሕንፃ ሥራ ላይ የሰው ነፍስና አካል ጠባቂ ሆነህ ትሾም ይሆናል። ስለ ሄልሜትና ስለ ጓንት፣ ስለ እሳት ማጥፊያና ስለ መሰላል ከመምህሮችህ ትማራለህ። እኔ የምነግርህ ግን ስለ አፍና ስለ ጆሮ ነው። ይህንንም የምጽፈው ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ ባለማወቄ የመጣውን ዕዳ ሌላ ሰው ስለ ከፈለልኝ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት በድሬዳዋ፣ በመጋላ ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል። ባንዱ ወገን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ መሐንዲሶች ለክተው፣ መንገዱን አቅንተው፣ ዛፍ ተክለው የሠሩት ከዚራ አለ፤ በሌላው ወገን መጋላ አለ። መጋላን ያቆመው የመሐንዲስ ገመድ ሳይሆን ገበያው ነው። ቃሉ ራሱ በኦሮምኛም በሶማልኛም ከተማ ማለት ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ወገን «የኛ ቃል ነው» ይላሉ፤ እኛ ልጆቹም ማን እንዳወጣው ጠይቀን አናውቅም። በቤታችን አማርኛ ይነገራል፤ ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤቶች ሶማልኛ ይናገራሉ፤ ፊት ለፊታችን ያሉት እናት ሐረሪ ናቸው፤ ወተት የምታመጣልን ሴት ኦሮምኛ ትናገራለች፤ ባለሱቁ ሒሳቡን የሚያሰላው በዓረብኛ ነው። በቀፊራ ገበያ አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት በሦስት ቋንቋ የሚከራከር ሰው ማየት ብርቅ አይደለም።

ልጆች ሳለን በመንገድ ላይ ኳስ ስንጫወት ጋሪ ሲመጣ ቀድሞ ያየው ልጅ በአማርኛ ብቻ አይጮኽም ነበር። «ጋሪ! ኢስካ ጂር! ኦፍ ኤገዹ!» ብሎ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ይህን ማንም አላስተማረንም። ጓደኛው በየትኛው ቃል እንደሚዘል ስለሚያውቅ ብቻ ነው። ይህን የልጅነት ጥበብ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ሹመት ሳገኝ ረሳሁት።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከኀዘን ነው ማለት እችላለሁ። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ኩርባ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። የምድር ባቡር ከተማ በሆነችው በድሬዳዋ የዚያን ሰሞን ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ለቅሶ እንዞር ነበር። ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁና፣ ሰው ለእንጀራው ወጥቶ እንዳይሞት የሚጠብቅ ሥራ ካለ እርሱን እሠራለሁ ብዬ በልቤ ተናገርሁ። ከዓመታት በኋላ፣ ስሙን በማልጠራው ፋብሪካ ውስጥ የአደጋ መከላከል ኃላፊ ሆንሁ። አዲስ አበባ ወርጄ አጭር ትምህርት ተማርሁ፤ ምስክር ወረቀቴን በመስታወት አስገብቼ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልሁት። ነጭ ሄልሜት ተሰጠኝ። ነጩን ሄልሜት ካደረግሁ በኋላ አንገቴ እንደ ቀድሞው አልታጠፍ አለ።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ማስታወቂያ ማስጻፍ ነበር። በቀይ ቀለም፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ «የሚንቀሳቀስ ማሽን መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው አሰቀልሁ። ከሠራተኞቹ መካከል ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ፤ የቈጠሩትም ቢሆኑ ሁሉም በአማርኛ አልቈጠሩም። ይህን ዐውቅ ነበር። ዳሩ ግን ጽሑፉ የተጻፈው ለእነርሱ ሳይሆን አለቆቼ ሲጐበኙ እንዲያዩት ነበርና አላስጨነቀኝም።

በየወሩም ሠራተኛውን ሰብስቤ እናገራለሁ። ንግግሬ ረጅምና ያማረ ነበር። ስጨርስ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ ሁሉም «እሺ» ይላል። «እሺ» በአገራችን ትልቅ ቃል ነው፤ «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብሏል። ነገር ግን «እሺ» ሁልጊዜ ገብቶኛል ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ አክብሬሃለሁ ማለት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ሰዓቱ ሄዷልና ልቀቀን ማለት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከተናገርኸው አንድ ቃል አልያዝሁም፣ በሰው ፊት ግን አታሳፍረኝ ማለት ነው። እኔ ሁሉንም «እሺ» እንደ አንድ ቈጥሬ በመዝገቤ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ብዬ እጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ዘመኑ 1987 ዓ.ም. ነው። በፋብሪካው ውስጥ መጥረጊያ ይዘው ቀኑን ሙሉ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዞሩ አንዲት ኦሮሞ እናት ነበሩ። አማርኛቸው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን አስከትዬ ስጐበኝ (አስከትዬ ማለቴ ትዕቢቴ ነው፤ እርሱ ነበር እኔን ያስከተለኝ) እኒህ ሴት መንገዴን ቆሙብኝና በመጥረጊያቸው ጫፍ ወደ አንዱ ማሽን እያመለከቱ «ጋሼ፣ ይኼ ክዳን ይዘላል» አሉኝ።

ክዳኑ የማሽኑን ቺንጋና ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሌጃ የሚሸፍን የብረት ክዳን ነው፤ በአራት ብሎን ይታሰራል። ከአራቱ ሁለቱ በንዝረት ብዛት ወልቀው ወድቀው ነበር። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። በዚያች ሰዓት ያሰብሁት፣ በአለቃዬ ፊት ጠራጊ አቁማኝ ስለ ሥራዬ ልታስተምረኝ ነው የሚለውን ብቻ ነበር። «እሺ እናቴ፣ እናየዋለን፤ ሥራዎን ይሥሩ» ብዬ አለፍሁ። አየህ፣ እኔም «እሺ» አልኋቸው።

በአራተኛው ቀን የመካኒክ ረዳት የነበረ ልጅ፣ የዚያው የመጋላ ልጅ፣ ክዳኑ ሲንኳኳ ሰምቶ ጩኸቱን ለማስቆም በእጁ ደገፈው። ክዳኑ ወለቀ፤ እጁ ወደ ቺንጋው ገባ። ሦስት ጣቶቹን አጣ። ዕድሜው ገና ሃያ አልሞላም ነበር።

ምርመራ ተደረገ። የምርመራውን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርሁ። «ማስጠንቀቂያ በግልጽ ተለጥፎ ሳለ ሠራተኛው የሚንቀሳቀስ ማሽን በመንካቱ በራሱ ቸልተኝነት የደረሰ አደጋ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ከቃላቱ አንዱም ሐሰት አልነበረበትም፤ ማስጠንቀቂያው ተለጥፏል፣ ልጁም ነክቷል። ኮሚቴው «ብልሽቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ነበረን?» ብሎ ሲጠይቅ እኒያ ሴት በበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ መሬት መሬቱን አዩ፤ እኔም ወረቀቴን አየሁ። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ተረት። የእህል ነገር ከሆነ እንጃ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ዝምታ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ «ቸልተኛ» የሚለው ስም ተከትሎት ወጣ። ሌላ ወርክሾፕ አልቀጥረው አለ። በመጋላ ትንሽ ሱቅ ከፈተ ሲባል ሰማሁ፤ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውሁ። በገዛ ሰፈሬ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመርሁ።

ኅሊና ግን በዙሪያ ጥምጥም አያመልጡትም። ነገሩን በአፌ ባልናገረውም፣ አሠራሬን መለወጥ ጀመርሁ። በወር አንድ ጊዜ የማደርገውን ረጅም ንግግር ትቼ በየጧቱ ሥራ ሳይጀመር አምስት ደቂቃ እንድንቆም አደረግሁ። «ገባችሁ?» ማለትን ተውሁ። በምትኩ አንዱን ሠራተኛ ጠርቼ «ዛሬ ያንን ማሽን ስትከፍት መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? በራስህ አፍ ንገረን» እላለሁ፤ ኦሮምኛ የሚናገረው በኦሮምኛ፣ ሶማልኛ የሚናገረው በሶማልኛ ይናገራል፤ ጓደኛው ይተረጕምልኛል። ብዙ ጊዜ የምሰማው እኔ ከተናገርሁት ሌላ ነገር ነበር። መጀመሪያ እቈጣ ነበር፤ ኋላ ግን ስሕተቱ ከሰሚው ሳይሆን ከተናጋሪው መሆኑ ገባኝ። በቋንቋችንም መስማት የሰሚው ሥራ ነው፤ ማሰማት ግን የተናጋሪው ነው። ማወቅና ማሳወቅም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ መከላከያው የማስተማርና የማሳወቅ፣ የደኅንነት ኮሚቴም የማቋቋም ግዴታ አለበት ይላል። ወረቀት በግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው ግን የለጠፈ እንጂ ገና ያሳወቀ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ገዛሁ። ማንም ሰው ያየውን ብልሽት ሲነግረኝ በፊቱ እጽፈዋለሁ፤ በማግሥቱ ጧት በሁሉ ፊት «እገሌ ትናንት ይህን ነግሮን ነበር፤ ይህ ተደረገ» እላለሁ። ያልተደረገም እንደ ሆነ ለምን እንዳልተደረገ እናገራለሁ። ገንዘብ የለም ከተባልሁ ገንዘብ የለም ተባልሁ እላለሁ። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች። ሰው ግን ቃሉን ጕድጓድ ውስጥ የጣለ ከመሰለው ሁለተኛ አይጥልም፤ የቃሉን መድረሻ ካየ ይደግማል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የሞሉት እኒያ ጠራጊ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የማሽኑን ሁሉ እግር የሚያዩት እርሳቸው ብቻ ነበሩና ከማናችንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

የማዕርግ ነገር ጆሮን እንዴት እንደሚደፍን በኋላ ከመጻሕፍት ሳነብ የኔ ዓይነት ሰው በዓለም ላይ ብዙ መሆኑን ተረዳሁ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ቴነሪፍ በምትባለው የእስፓኝ ደሴት ሁለት ታላላቅ ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በጉም ውስጥ በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። የኔዘርላንዱ አይሮፕላን የመነሣት ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ሲጀምር፣ የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አይሮፕላን ከመንገዱ አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ሌሎችን አብራሪዎች የሚያስተምር፣ በድርጅቱ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ተጋጩ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ያሉ አብራሪዎች የተነገራቸውን ትእዛዝ በራሳቸው አፍ ደግመው ለተናገረው እንዲያሰሙ አጥብቀው ተማሩ። «መነሣት» የሚለውም ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሻር ብቻ እንዲነገር ተወሰነ። ካፒቴኖችም የበታቾቻቸውን ጥያቄ መስማትን፣ የበታቾቹም ጥያቄያቸውን መድገምን እንደ አንድ ትምህርት ይማሩ ጀመር። ይህን ሳነብ ያ ካፒቴን ነጭ ሄልሜት ያደረገ መስሎ ታየኝ።

የሆነ ሆኖ ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ነገር ያስገርመኝ ነበር። ስለ ወለቀ ብሎን፣ ስለ ፈሰሰ ዘይት፣ ስለ ተሰበረ ደረጃ ተጽፏል፤ «እኔ እንዲህ ተሳሳትሁ» ያለ ሰው ግን አንድም የለም። በጧቱ ስብሰባ «ስሕተታችሁን ሳትፈሩ ንገሩኝ፤ አልቀጣም» እላለሁ። ይሰሙኛል፤ ፈገግ ይላሉ፤ ዝም ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምክንያቱን አላወቅሁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለግሁም።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ሌሊት ደቻቱ ሞላ። ደቻቱን የማታውቀው ከሆነ፣ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው፤ ሰው በላዩ ይሻገራል፣ ይነግዳል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ዝናቡ የጣለው በላይ በሐረርጌ ደጋ ነበር። እኔ በቤቴ ተኝቼ ጩኸት ሰማሁ። ሌባ ነው ብዬ ወደ ግድግዳው ተገላበጥሁ። ሁለተኛ ሲጮኽ ነው የተነሣሁት። በዚያ ሌሊት በከተማችን ከ250 በላይ ሰው በጎርፍ ሞተ፤ ብዙ ሺሕ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ጧት በመጋላ በኩል ባለው ዳር ቆሜ ጭቃውን ሳይ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ዝናቡን ያየው ሰው ሌላ ነው፤ ጎርፉ የወሰደው ሰው ሌላ ነው። በደጋ የነበረው ሰው ዝናቡን እያየ ነበር፤ ቃሉ ግን ከውሃው ቀድሞ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ አልነበረውም። በፋብሪካም እንዲሁ ነው። ክዳኑ ሲዘል ያዩት ሴት ሌላ፣ ጣቱ የተቈረጠው ልጅ ሌላ ነበሩ። በሁለቱ መካከል የነበርሁት መንገድ እኔ ነበርሁ፤ እኔም ተዘግቼ ነበር።

ከጎርፉ ጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ልጁ ሱቅ ሄድሁ። ልጅ ማለቴ እንዳስለመድሁህ ነው፤ ጐልማሳ ሆኗል፣ ልጆች ወልዷል። ጎርፉ ሱቁን አልነካውም። በቀረችው ጣቱና በአውራ ጣቱ ሳንቲም ሲቈጥር አገኘሁት። ወንበር አቀረበልኝ፤ አልተቀመጥሁም። ከአደጋው አራት ቀን በፊት ስለ ክዳኑ ተነግሮኝ እንደ ነበር፣ በወረቀቱም ላይ ይህን እንዳልጻፍሁ ቆሜ ነገርሁት።

ሳንቲሙን ቈጥሮ ጨረሰ።

«ዐውቃለሁ ጋሼ» አለኝ። «እሳቸው ያን ጊዜ ሆስፒታል መጥተው ነግረውኛል።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ለምን ዝም አልህ?»

«አቦ፣ እኔ ምን ልበል? አንተ እስክትመጣ ነበር የምጠብቀው።»

ለካ ያ ነገር የተደበቀው ከአለቆቼ ብቻ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። በየጧቱ «ስሕተታችሁን ንገሩኝ» ስላቸው የሚያዩት የገዛ ስሕተቱን አንቆ የያዘ ሰው ነበር።

በማግሥቱ ጧት በአምስቱ ደቂቃ ስለ ማሽን አልተናገርሁም። ሄልሜቴን አውልቄ፣ በ1987 ዓ.ም. ያደረግሁትንና ያላደረግሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርሁ። ጓደኛቸው በኦሮምኛ፣ ሌላው በሶማልኛ ተረጐመ፤ ስለዚህ ኀፍረቴን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። የምርመራውን ወረቀት የሚያርም ደብዳቤ ጽፌ ለጽሕፈት ቤቱ እንዳስገባሁም ነገርኋቸው። እኒያ ጠራጊ በጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ነበር የቀራቸው፤ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ፤ ምንም አላሉም። ማንም ምንም አላለም። ደወሉ ተደወለና ሁሉም ወደ ሥራው መሄድ ጀመረ።

አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ። እርሱን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በኩራቱ ነው። ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣና፣ «ትናንት ወዲያ ኃይሉን ሳላጠፋ ፊውዝ ቀይሬአለሁ» አለኝ። «ማጥፊያው ከተበላሸ ሁለት ወሩ ነው። እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው ያልተናገርሁት።»

ደብተሬን አወጣሁ።

«የትኛው ማጥፊያ?» አልሁት።